ጥንካሬው 60፣ ዕድሜው አንድ ወር፦ ስለ ኒኬል ልባስ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከወሎ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት አንድ ጉዳይ ያነሣሉ፦ በኒኬል ቅይጥ የለበሰ የማሽን አካል፣ ጫና ሲመላለስበት ምን ያህል ይቆያል? ተመሳሳዮቹን አጣምረን አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ባለሙያ ነኝ። ከማሽኖቻችን አንዱ በሌዘር ኒኬል ቅይጥ የለበሰ ካም (ሲዞር ሮለሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አካል) አለው። በላዩ ላይ ዲያሜትሩ 50፣ ወርዱ 20 ሚሊሜትር የሆነ ሮለር ይሽከረከራል። ጫናው በሚበረታበት ቦታ የካሙ ጥምዝ ራዲየስ 50 ሚሊሜትር፣ ጫናው 10 ኪሎኒውተን (1 ቶን ገደማ) ነው። ማሽኑ በደቂቃ 60 ዙር፣ በቀን 16 ሰዓት ይሠራል። የካሙ ወረቀት «ጥንካሬ ሮክዌል ሲ 60፣ ውፍረት 0.3 ሚሊሜትር፣ 1 ሚሊዮን ዙር የተፈተነ» ይላል። ወር ሳይሞላው ልባሱ ተላጠ። አቅራቢው «ዘይት አጉድላችሁ ነው» አለን። እውነቱ የማን ነው?

መልስ፦ ዘይቱም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ወደ እሱ እንመጣለን። ዋናው ጥፋት ግን ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ 0.3 የሚለው ቁጥር ነው።

ሮለር ካም ላይ ሲጫን ሁለቱም ብረቶች በጥቂቱ ስለሚጨመቁ ንክኪው ቀጭን መስመር ሆኖ አይቀርም፤ ጠባብ ሰቅ ይሆናል። የዚህን ሰቅ ስሌት ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1882 አሳተመ፤ የኩሽኔታና የማርሽ ጥርስ ንድፍ ዛሬም በዚያው ላይ ይቆማል። ከስሌቱ ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። ብረትን የሚያደክመው ሺር የተባለው፣ አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ ሊያንሸራትት የሚገፋ ጫና የሚያይለው ላዩ ላይ ሳይሆን ከላዩ ዝቅ ብሎ ነው። ጥልቀቱን ለማግኘት የሰቁን ግማሽ ስፋት በ0.78 ያብዙት።

በእርስዎ ቁጥሮች እንሥራው። የ25 እና የ50 ሚሊሜትር ራዲየሶች ሲጣመሩ 16.7 ሚሊሜትር ይሰጣሉ። ጫናው ለወርዱ ሲካፈል በየሚሊሜትሩ 500 ኒውተን ነው። የኒኬል ቅይጥና የብረት የመለጠጥ ባሕርይ ስለሚቀራረብ ለሁለቱም አንድ ቁጥር መውሰድ ይቻላል። ውጤቱ፦ የሰቁ ግማሽ ስፋት 0.31 ሚሊሜትር፣ መሐሉ ላይ ያለው ግፊት 1,040 ሜጋፓስካል፣ ትልቁ ሺር 312 ሜጋፓስካል፣ የሚገኝበት ጥልቀት 0.24 ሚሊሜትር።

ልባሱ የሚያልቀውና ከመሠረቱ ብረት ጋር የሚገናኘው 0.3 ላይ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ሺሩ ገና 306 ሜጋፓስካል ነው፤ ከትልቁ የቀነሰው ይህ ነው ለማለት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ከሁሉ ደካማ የሆነው መገናኛ ከሁሉ የከፋው ጫና ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጥንካሬው 60 ይሁን 65 ይህን አይለውጠውም። ልባሱ ከማለስለሻው በኋላ 1 ሚሊሜትር ቢተርፍ ኖሮ መገናኛው ላይ የሚደርሰው ሺር ወደ 149 ሜጋፓስካል፣ ከግማሽ በታች ይወርድ ነበር። እኛ የምንይዘው የእጅ መለኪያ፦ ያለቀለት ልባስ ውፍረት ትልቁ ሺር ካለበት ጥልቀት ቢያንስ በሦስት እጥፍ፣ ቢቻል በአራት እጥፍ ይብለጥ። ጫናው ቢጨምር ጥልቀቱም አብሮ ይወርዳል፤ እጥፍ ቢሆን 0.24 የነበረው 0.34 ይሆናል።

ውፍረቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከሥሩ ያለው ብረት ምንድን ነው? በገበያ ኤስቲ 37 የሚባለው ለስላሳ ብረት የመለጠጥ ገደቡ 235 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ ሺርን ሳይበገር የሚችለው የዚያን ግማሽ፣ 118 ያህል ብቻ ነው። 1 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ እንኳ 149 ስለሚደርሰው ከሥር በቀስታ ይበገራል፣ በላዩ ያለው ጠንካራ ልባስም መደገፊያ አጥቶ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለ ካም መሠረቱ ተጠብሶ የተስተካከለ የክሮም-ሞሊብዲነም ብረት፣ ለምሳሌ 42 ክሮም-ሞ 4፣ ቢሆን ይሻላል። የመለጠጥ ገደቡ 650 ከሆነ 325 ሺር ይችላል።

«1 ሚሊዮን ዙር» የሚለውንም በእርስዎ ማሽን እንመንዝረው። በደቂቃ 60፣ በ16 ሰዓት 57,600 ዙር ነው። አንድ ሚሊዮኑ በ18ኛው ቀን ያልቃል፤ በዓመት በ300 የሥራ ቀን 17 ሚሊዮን ይሻገራሉ። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ቃል የገባው ለሦስት ሳምንት እንኳ አልነበረም።

አሁን ወደ ዘይቱ። ማን እንዳጠፋ ጉድጓዱ ራሱ ይመሰክራል። ካሙን በነዳጅ አጥበው፣ አድርቀው፣ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ጉድጓዶቹ ጥልቀታቸው ከ0.05 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ብዙና ጥቃቅን፣ መንገዱን ሙሉ ግራጫ ያደረጉ ከሆኑ ችግሩ ከላይ ነው፤ ዘይት ቀጥኗል፣ ውኃ ገብቶበታል ወይም ገጹ ሻካራ ነው። ጉድጓዶቹ ጥቂት ግን ሰፊ፣ ሥራቸው ጠፍጣፋ፣ ዳራቸው ቀጥ ብሎ የተሰበረ ከሆነ ከመገናኛው የተላጠ ነው። ለማረጋገጥ የመዳብ ሰልፌትን በውኃ በጥብጠው አንድ ጠብታ ጉድጓዱ ሥር ላይ ያኑሩ። ብረት ከሆነ በደቂቃ ውስጥ የመዳብ ቅላት ይይዛል፤ ኒኬል-ክሮም ከሆነ ቶሎ አይቀላም። ሥሩ ከቀላ አቅራቢው የዘይቱን ክርክር ይተወው። ጠብታውን ከሙከራው በኋላ አጥበው ያስወግዱ፤ ያዝጋል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ሌዘሩ መስመር በመስመር ሲያለብስ በሄደበት አቅጣጫ ላይ ወርድ ይዘው የተሰለፉ ስንጥቆች። እነዚህ የተወለዱት ሥራው ላይ ሳይሆን ሲቀዘቅዝ ነው። ቀልጦ የተጣበቀው ልባስ ሲኮማተር ሥር ያለው ቀዝቃዛ ብረት ስለሚይዘው በውስጡ ውጥረት ታምቆ ይቀራል፣ ደረቁ ቅይጥ ደግሞ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። አፈር ለሚቆፍር ማረሻ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ብዙ አይጎዳም። በሚሽከረከር ንክኪ ላይ ግን ዘይት ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ሮለሩ አፉን ይዘጋበታል፣ የታመቀው ዘይትም ስንጥቁን ከውስጥ ይገፋዋል። እስቱዋርት ዌይ ይህን እ.ኤ.አ. በ1935 ካሳየ ወዲህ በዘርፉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከተሰነጠቀ 60 ይልቅ ያልተሰነጠቀ 50 እንመርጣለን፤ በዚህ ላይ አንከራከርም።

ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ የሚከተለውን ይጻፉ። ቅይጡ ኒኬል-ክሮም-ቦሮን-ሲሊኮን፣ ጥንካሬው ከ50 እስከ 55፤ የተንግስተን ካርባይድ ፍሬ የሌለበት፤ ፍሬዎቹ ለአሸዋ መፋቅ ጥሩ ናቸው፣ ለተመላላሽ ንክኪ ግን ጫፋቸው የስንጥቅ መነሻ ነው። ከግራይንዲንግ (በፈጪ ድንጋይ ከማለስለስ) በኋላ የሚቀረው ውፍረት 1 ሚሊሜትር። ከመሠረቱ ወደ ልባሱ የተቀላቀለው ብረት ከ10 በመቶ በታች። ከመልበሱ በፊት እስከ 300–400 ዲግሪ ሙቀት፣ ከዚያ ቀስ ያለ ማቀዝቀዝ። ገጹ በሻካራነት መለኪያ አርኤ 0.4 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ የለሰለሰ። ከግራይንዲንግ በኋላ በቀይ ሰርሳሪ ቀለም ተፈትኖ ምንም የመስመር ምልክት ያልታየበት። «ከግራይንዲንግ በኋላ» የሚለውን አይርሱት፤ በችኮላ የተፈጨ ልባስ ፈጪው ድንጋይ ራሱ ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻዎቹ ዙሮች በአንድ ጊዜ ከ0.01–0.02 ሚሊሜትር በላይ መውሰድ የለበትም፣ ማቀዝቀዣ ውኃውም ሳይቋረጥ።

ጥያቄ፦ ደሴ የቶርኖና የብየዳ ቤት አለን። ሌዘር የለንም። ያረጀ ካምና ሮለር ሲመጣልን ገበያ ላይ በምናገኘው የኒኬል ኤሌክትሮድ ሞልተን ቶርኖ እናደርገዋለን። ሲሠራ ደስ ይላል፣ ግን ቶሎ ይበላል። በኦክሲ-አሲቲሊን ነበልባል የሚረጭ የኒኬል ዱቄትም ሰምተናል። ይሻላል?

መልስ፦ ኤሌክትሮዱ ቶርኖ ላይ «ደስ ያላችሁ» ለስላሳ ስለሆነ ነው። በሱቅ «ኒኬል» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ለጊዛ ብረት መጠገኛ የተሠራ ነው፤ ኒኬሉ 99 ወይም 55 በመቶ ገደማ ሆኖ ቦሮንም ሲሊኮንም የሌለው። የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ ለመያዝ የታሰበ እንጂ ሮለር ሊሸከም አይደለም። ፓኬቱ ላይ ለጊዛ ብረት መሆኑ ከተጻፈ ለካም አይንኩት።

ዱቄቱ ግን እውነተኛ አማራጭ ነው፤ ሌዘሩ ከሚጠቀምበት ቅይጥ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቦሮንና ሲሊኮን ኦክሳይዱን ራሳቸው ስለሚያጸዱ ሌላ ፍለክስ አይፈልግም። የሚረጭ ብቻ ሳይሆን ተረጭቶ የሚቀልጥ መሆኑን እዩ። ተረጭቶ ያልቀለጠ ልባስ ከመሠረቱ ጋር የተያያዘው በሻካራነቱ ብቻ ነው፤ ሮለር ሲሄድበት ይነሣል።

አሠራሩ ይህ ነው። አሮጌውን ገጽ በቶርኖ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጉ። ማዕዘኑን ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉት፣ አክብቡት። በአሴቶን እጠቡ፣ በአሉሚና ፍርፋሪ እስኪሻክር ምቱት፣ ከዚያ በኋላ በእጅ አይነካ። ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ብረቱ ወዲያው እርጥበት ስለሚስብ ከመምታት እስከ መርጨት ሰዓታት አይለፉ። የከረመ ዱቄትም ከ100–120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ሰዓት ይድረቅ፤ እርጥብ ዱቄት ልባሱን በአረፋ ቀዳዳ ይሞላዋል። ዕቃውን ወደ 250 ዲግሪ አሙቁና ርጩ። ሲቀልጥ በ20 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ለማለስለሻ ሩብ ሚሊሜትር ትርፍ ጨምራችሁ 1 ሚሊሜትር ልታተርፉ ከፈለጋችሁ 1.6 ሚሊሜትር መርጨት አለባችሁ።

ማቅለጡ ላይ ዓይናችሁ ነው መለኪያው። ከ1,000 እስከ 1,100 ዲግሪ መካከል ገጹ ድንገት ረጥቦ ይብለጨለጫል። ብልጭታው እንደታየ ነበልባሉን ወደ ቀጣዩ ቦታ አንቀሳቅሱ። ካላብለጨለጨ አልተያያዘም፤ መንጠባጠብ ከጀመረ አልፏል፣ ቅርጹም ጠፍቷል። ሲያልቅ ዕቃውን ደረቅ አመድ ወይም ደረቅ ኖራ ውስጥ ቅበሩትና እጅ እስኪችለው አታውጡት። ወፍራም ዕቃ ከሆነ ይደር። የደጋው ነፋስ የሚገባበት በር አጠገብ አቁማችሁት ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የዱቄቱ አይደለም።

ከሌዘሩ የሚያንሰው የት ላይ ነው? ሌዘር ከልባሱ ሥር የሚያሞቀው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ነበልባል ግን ዕቃውን ሙሉ ያግላል። ቀድሞ የተጠበሰ መሠረት ጥንካሬውን ያጣል፣ ረጅም ዘንግ ይጣመማል። አጭርና ወፍራም ሮለር ላይ ይህ ብዙ አያስፈራም፤ ረጅም ካም ዘንግ ግን በዚህ መንገድ እንዲሠራ አንመክርም። በአርክ መሙላት ከሁለቱም ያነሰ ነው፦ ከመሠረቱ 20–40 በመቶ ብረት ወደ ልባሱ ስለሚገባ የመጀመሪያው ንብርብር ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ቅይጥ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ወልድያ ወፍጮ ቤት አለኝ። የዘንጉ 50 ሚሊሜትር የኩሽኔታ መቀመጫ 0.3 ያህል ተበልቶ ኩሽኔታው ይዞራል። ኒኬል 60 ይልበስ ይሉኛል።

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። እዚያ ላይ የሚመላለሰውን ጫና የሚሸከመው የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ነው እንጂ ዘንጉ አይደለም። ጠንካራ ልባስ ለግራይንዲንግ ወጪ ያስወጣዎታል። በቶርኖ ሊቆረጥ የሚችል፣ ጥንካሬው 30 አካባቢ የሆነ ልባስ ወይም በጥብቅ የገባ ቡሽ (የብረት እጅጌ) ይበቃል። ልባሱ ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሸጋገርበት ጥግ ላይ እንዳይደርስ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ቀድሞ ይቁም፤ ታምቆ የቀረው ውጥረት እዚያ ከመታጠፍ ጋር ከተገናኘ ዘንጉን ይቆርጠዋል። የመጨረሻ ልኩ ከ50.002 እስከ 50.018 ሚሊሜትር ይሁን፣ በካሊፐር ሳይሆን በማይክሮሜትር ተለክቶ።

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የለበሱ ዲስኮችን አንዱን በሌላው ላይ እያሽከረከርኩ ዕድሜያቸውን ልለካ አስቤያለሁ። ጥንካሬያቸውን በሮክዌል ለካሁ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ልባስ ላይ 47 አገኘሁ፣ ዱቄቱ ግን 60 ነው የተባለው። ዱቄቱ የውሸት ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ዱቄቱን ከመክሰስሽ በፊት መለኪያሽን ጠይቂ። የሮክዌል ሲ ሾጣጣ በ60 ጥንካሬ ላይ 0.08 ሚሊሜትር ይሰርጋል። አስተማማኝ ንባብ ለማግኘት ልባሱ ከስርገቱ አሥር እጥፍ፣ ማለትም ቢያንስ 0.8 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ባንቺ 0.5 ላይ የተለካው ልባሱና ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት አብረው ነው። ዲስኩን ቁረጪው፣ አለስልሺው፣ በወርዱ ላይ በቪከርስ በ300 ግራም ጫና ከላይ ወደ ታች በየ0.1 ሚሊሜትሩ ለኪ። ሮክዌል 60 በቪከርስ 700 አካባቢ ነው። ከላይ 700 ሆኖ ወደ መገናኛው ሲቀርብ ቀስ እያለ ከወረደ የመሠረቱ ብረት ተቀላቅሎበታል። አንዱ መስመር በሌላው ላይ በተደረበባቸው ቦታዎችም ለኪ፤ ዳግም የሞቀው ሰቅ ብዙ ጊዜ ስለሚለሰልስ ጉድጓድ ከዚያ ይጀምራል።

ስለ ዕድሜው፦ በአንድ ዲስክ ውጤት ምንም አትጻፊ። የንክኪ ድካም ውጤት በባሕርዩ የተበተነ ነው፤ አንድ ዓይነት ዲስኮች በአንድ ጫና ላይ በብዙ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። በአንድ ግፊት ቢያንስ አሥር ናሙና ይኑርሽ፣ ውጤቱንም ዋይቡል በተባለው የስታቲስቲክስ ሥርጭት አስቀምጪው፤ ከአማካዩ ይልቅ 10 በመቶው የወደቀበትን ዕድሜ አሳዪ። አሥር ናሙና ካልተገኘ የዕድሜውን ነገር ትተሽ ስንጥቁ የት እንደጀመረ ብታጠኚ የበለጠ ሥራ ይሆናል።

ግፊቱን ስትመርጪም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሮለር ኩሽኔታ ዕድሜ ጫናው ወደ 10/3 ኃይል (ፓወር) ከፍ ሲል በሚሰጠው ልክ ያጥራል፤ በግፊት ሲታሰብ ይህ ኃይል ወደ 6.7 ይደርሳል፣ ስለዚህ ግፊቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህ ቁጥር የኩሽኔታ ብረት ነው፤ ለልባስ እንዳለ አትውሰጂው። የስሕተቱን መጠን ግን ያሳይሻል፦ ክንዱ ላይ የምትሰቅዪው ክብደት በጥቂቱ ቢዛባ ውጤትሽ አብሮ ይዛባል። ሰበቃም (ፍሪክሽን) ይለካ። የሰበቃ መጠን 0.3 አካባቢ ሲደርስ ትልቁ ሺር ከሥር ተነሥቶ ወደ ላዩ ስለሚመጣ የምታጠኚው ሌላ በሽታ ይሆናል። ከማሽከርከርሽ በፊት በቀይ ቀለም ፈትሺ፤ አስቀድሞ የተሰነጠቀ ናሙና ከስሌቱ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ ደሴ በአንድ ብየዳ ቤት ይሠራል። የሚረጩት ዱቄት ኒኬል ነው አለኝ። እጁ ያሳክከዋል፣ ያሳስበኛል።

መልስ፦ እናታችን፣ ስለ ማሳከኩ አብሽሩ፤ ኒኬል ቆዳ የሚቆጣበት ሰው ብዙ ነው፣ ጓንት ካደረገና ሐኪም ካየው ይስተካከላል። ሊያሳስብዎት የሚገባው የሚተነፍሰው ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የኒኬል ውሁዶችን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይበቃም። ኤፍኤፍፒ 3 የተጻፈበት፣ ፊት ላይ ሳያፈስ የሚገጥም መሆን አለበት፤ ጢም ካለው አይገጥምም። የሚረጩበት ቦታ አቧራውን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ ይኑረው። የወደቀውን ዱቄት በአየር ግፊት መንፋት ይቅር፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሳይታጠብ እንጀራ አይንካ። ቱታውንም ቤት ይዞት ቢመጣ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አብረው አይጠቡት።